ከግልቢያ የወጣ ፈረስ ቤታችሁ ሲገባ

ይህን የምጽፈው የሸመገለ የግልቢያ ፈረስ ላላችሁ፣ ወይም ከዘመድ ከወዳጅ ልትረከቡ ላሰባችሁ ሰዎች ነው። ያለሁት እንጅባራ ነው። እዚህ ፈረስ ክብር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። የዓድዋ ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው ይታሰባሉ፤ ዕለቱም የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ስለ ሽምጡ፣ ስለ ጉግሱ፣ ስለ ፈረሶቹ ጌጥ ብዙ ይወራል። ፈረሱ መሮጥ ካቆመ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ግን ብዙም አይወራም። በሬ ሲያረጅ ቢያንስ ሥጋው ይፈለጋል። ፈረስ አይበላም። ጉልበቱ ሲደክም ወይ ለጋሪ ይሸጣል፣ ወይ ዳር ይለቀቅና ለጅብ ይተዋል። ይህ እንዳይሆን የምትፈልጉ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሚያስፈልገው ደግ ልብ ብቻ ስላልሆነ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ዳማ ፈረስ ነው። የአጎቴ ነበር። አጎቴ ጉልበታቸውን ታመው ኮርቻ ላይ መውጣት አቃታቸው። ልጆቻቸው ባሕር ዳር ናቸው፤ ፈረስ የሚይዝ የለም። አንድ ነጋዴ ለጋሪ ሊገዛው መጣ። አጎቴ ዋጋውን እንኳ አልጠየቁም። እኔን አስጠሩኝና «ልጄ፣ ይኼ ፈረስ ስንት ዓመት ተሸክሞኛል። ጋሪ ሲጎትት ከማየው አንቺ ዘንድ ሄዶ ይሙት» አሉኝ። «አያ፣ ሞትን ምን አመጣው? እኔ ዘንድ ይኖራል እንጂ» አልኳቸው። የካቲት ላይ ወደ ቤቴ መጣ።

ብዙ ሰው የሚያስበው ሯጭ ፈረስ ሲያርፍ ደስ እንደሚለው፣ ሳር ላይ ከለቀቁት እንደሚበቃው ነው። እንደዚያ አይደለም። ሩጫው እንዲቆም የወሰነው ሰው ነው። የፈረሱ ሰውነት ግን ውሳኔውን አልሰማም። ጡንቻው፣ ሆዱ፣ ጠባዩ ሁሉ ለሩጫ እንደተዘጋጀ ነው። ዕረፍት ለእሱ አዲስ ነገር ነው። ቀስ በቀስ ካልለመደው ይታመማል። ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ቦራ በጋጣው ውስጥ ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ይመላለሳል። በሰኮናው መሬቱን ይጎደፍራል። ሌሊቱን ሙሉ ያሽካካል። ጎረቤት ሁሉ እንቅልፍ አጣ። ገሚሱ «ጠገበ» አለ፤ ገሚሱ «ቡዳ በልቶት ነው» አለ። ነገሩ ሌላ ነበር። አጎቴ ለጥር በዓል ሲያዘጋጁት ገብስና ባቄላ እየመገቡ በየቀኑ ያስጋልቡት ነበር። በዓሉ አለፈ፣ ግልቢያው ቆመ፣ እህሉ ግን እንዳለ ቀጠለ። የሚወጣበት መንገድ የሌለው ጉልበት ፈረስን ያሳብዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት አያለሁ። አንዱ ሰው «ለምዶታል፣ እንዳይጎዳ» ብሎ የውድድሩን ቀለብ ይቀጥላል። ሌላው «አሁንማ ምን ሠርቶ ይበላል» ብሎ በአንድ ቀን ሁሉንም ያቋርጣል። ሁለቱም ይጎዳሉ። የፈረስ አንጀት ውስጥ ምግቡን የሚያብላሉ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ምግቡ በድንገት ሲለወጥ እነሱም ይናጋሉ፣ ሆዱም ይታወካል። ስለዚህ እህሉን በየጥቂት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጡት። በቀነሳችሁት ልክ ድርቆሽ ጨምሩ። ለቦራ መጨረሻ ላይ የቀረለት ድርቆሽ፣ የገብስ ጭድ፣ ጥቂት ፉርሽካና የሚልሰው ጨው ነው። ከዚያ በላይ አላስፈለገውም።

ሆዱን ባዶ አታሳድሩት። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ አሲድ ማመንጨቱን ደግሞ አያቋርጥም። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲግጥ ነው የሚውለው። ጠዋት አንድ እቅፍ፣ ማታ አንድ እቅፍ ሰጥቶ መተው ጨጓራውን ያቆስለዋል፣ እንጨት ማኘክም ያስለምደዋል። ያንኑ መጠን ከፋፍላችሁ ደጋግማችሁ ስጡት። ማታ የምትሰጡት ይብዛ።

ስንት ይበላል የምትሉ ከሆነ፣ ቀላል መለኪያ አለ። ከክብደቱ ከ100 እጅ ወደ 2 እጅ የሚሆን ደረቅ ምግብ በቀን ይበቃዋል። ክብደቱን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። ሁለቱም በሴንቲሜትር ይሁን። የደረቱን ልክ በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙት፣ ከዚያ ለ11,880 አካፍሉት። ለምሳሌ ደረቱ 140፣ ርዝመቱ 130 ቢሆን ወደ 214 ኪሎ ይመጣል። ይህ ፈረስ በቀን አራት ኪሎ ገደማ ድርቆሽና ጭድ ይፈልጋል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ግን በዓይን ከመገመት በጣም ይሻላል። የትል መድኃኒት ሲታዘዝም ያው ቁጥር ይጠቅማል። የመድኃኒቱ መጠን ሲያንስ ትሉ ይለምደዋል።

ውኃ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ይሁን። ለእንዲህ ያለ ፈረስ በቀን ከ10 ሊትር ማነስ የለበትም። ሲሞቅ ወይም የሚበላው ደረቅ ጭድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ይጨምራል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች የጠዋቱ ውኃ እጅ ያቆረፍዳል። ፈረስም እንዲህ ያለ ውኃ ሲቀርብለት ቀንሶ ይጠጣል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ የሞቀ ውኃ ቀላቅላችሁ ስጡት። ደረቅ ጭድ እየበላ ውኃ ያነሰው ፈረስ ሆዱ ይደርቃል፣ ቁርጠት ይይዘዋል። ፈረስ ማስታወክ አይችልም። ሆዱን እያየ የሚገላበጥ፣ የሚያልበው፣ ፋንድያ የማይጥል ፈረስ ካያችሁ ነገ እናየዋለን አትበሉ። ሐኪም ጥሩ።

ግልቢያውንም እንደ እህሉ ቀስ እያላችሁ ነው የምትቀንሱት። ጠዋትና ማታ በእጄ እየሳብኩ አንሸራሽረው ነበር። መጀመሪያ ፈጠን ብለን፣ ኋላ ኋላ ዝግ ብለን። ብዙ ሳይቆይ መመላለሱን ተወ። የሌሊት ማሽካካቱ ግን አልቆመም።

ለዚህ መፍትሔ የሆነችው የጎረቤቴ አሮጊት አህያ ናት። ፈረስ በመንጋ የሚኖር እንስሳ ነው። የአጎቴ ግቢ ውስጥ በቅሎና ሌሎች ፈረሶች ነበሩ። እኔ ዘንድ ብቻውን ነበር። ብቻውን ያለ ፈረስ ተኝቶ ለማረፍ እንኳ ይፈራል፤ የሚጠብቅለት ሌላ ዓይን የለም። ጎረቤቴ እትዬ «እስቲ ይቺን አጠገቡ እሰሪያት፤ እሷም ብቻዋን ናት» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ዝም አለ። ተኝቶ ሲያንቀላፋ ያየሁትም ያኔ ነው። ሁለተኛ ፈረስ የመያዝ አቅም ከሌላችሁ አህያ፣ በቅሎ፣ በግም ቢሆን አጠገቡ ይኑር። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አህያ ሳንባ ውስጥ የሚኖር ትል ይዛ ምንም ሳትታመም ልትኖር ትችላለች። ፈረስ ላይ ሲደርስ ግን የማይለቅ ሳል ያመጣል። ከመቀላቀላቸው በፊት ሁለቱንም ለትል አስመርምሩ፣ መድኃኒት ስጧቸው።

አፉንና ጀርባውን ማየትም ከመጀመሪያው ቀን ሥራዎች አንዱ ነው። የእኛ አገር ልጓም ጠንካራ ነው። ለዓመታት የተጋለበ ፈረስ የአፉ ዳርና ምላሱ ቆስሎ፣ ጠባሳ ይዞ ልታገኙት ትችላላችሁ። ቦራ እጅ ወደ ራሱ ሲጠጋ አንገቱን ወደ ላይ ይወረውር ነበር። ልጓሙን ትቼ በልባብ ብቻ መያዝ ጀመርኩ። ልባቡ ከለስላሳ ጨርቅ ወይም ከሰፊ ጥብጣብ ይሠራ፤ ቀጭን የናይለን ገመድ አፍንጫ ይቆርጣል። ጀርባው ላይ ገጣባ ካለ ኮርቻ ቀርቶ ጆንያም አትጫኑበት። በፈላና በቀዘቀዘ የጨው ውኃ እያጠባችሁ ዝንብ ተከላከሉለት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የባትሪ ውኃ የሚቀቡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቆዳውን የበለጠ ያቃጥሉታል።

ጥርሱም ሌላ ጉዳይ ነው። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ከድዱ እየወጣ፣ በማኘክ እየተሞረደ ነው የሚኖረው። እኩል ካልተሞረደ ጠርዙ እየሾለ ጉንጩንና ምላሱን ይወጋል። ያኝክና እርጥብ የጭድ ድብልብል ከአፉ ይጥላል። እየበላ ይከሳል። ሰው «አርጅቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቦራም መሬቱ ላይ እንዲህ ያለ ድብልብል ይጥል ነበር። የእንስሳት ሐኪም አፉን ከፍቶ የሾሉትን ጠርዞች በሞረድ አስተካከለለት። ከዚያ በኋላ የበላው ገላው ላይ ይታይ ጀመር። በዓመት አንድ ጊዜ አፉን አስፈትሹ። ካረጀ ደግሞ ጭዱን አሳጥራችሁ ቆርጣችሁ፣ በውኃ አርሳችሁ ስጡት።

አሁን ወደ ክፉው ጊዜ ልምጣ። ፋሲካ ሆነ። ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። ዘመዶቼ ቦራን በበዓሉ ሜዳ ላይ ያውቁታል፤ ይወዱታል። ከመካከላቸው አንዱ «ሁሉም ሲፈስክ እሱ ምን በደለ» ብሎ ስንዴ በሳፋ ሞልቶ አቀረበለት። ሌላውም የዳቦ ቁራሽ ጨመረለት። ሁሉም በፍቅር የተደረገ ነው። ቦራ ሳፋውን ጨርሶ ላሰው። ያን ቀን ምንም አልሆነም። በማግስቱም ደህና ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋጣው ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ። ብጠራው አይንቀሳቀስም። ሰኮናውን ስዳስሰው ይፋጃል። ከሰኮናው በላይ ያለው የደም ሥር ጣቴን እየገፋ ይመታል።

ይህ በሽታ የሰኮና ውስጥ ብግነት ነው። መነሻው ግን ሆድ ነው። ብዙ እህል በአንዴ ሲገባ ሳይፈጭ የቀረው ስታርች ወደ ኋለኛው አንጀት ይወርዳል። እዚያ ይብላላል፣ አሲድ ይሆናል፣ መርዛማ ነገር ወደ ደም ይገባል። ሰኮናውን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ሥጋ ይቆጣል። ከባሰ አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል። ምልክቱ የሚታየው እህሉን ከበላ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። ስለዚህ ፈረሳችሁ ጆንያ ቀዶ ወይም እንግዳ ሰጥቶት ብዙ እህል ከበላ እስኪያነክስ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ሐኪም ጥሩ። በዚያች አንድ ቀን ውስጥ የሚደረግ ሕክምና ሰኮናውን ሊያድን ይችላል።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። ምክሩ በዛ። አንዱ «በጋለ ብረት ይተኮስ» አለ። አንዱ «ደሙ ይፍሰስ» አለ። ሌላው «አስሩጡት፣ ይለቀዋል» አለ። አንድ ሽማግሌ በሐዘን «ልጄ፣ አለቀለት። ወደ ዳር አውጥተሽ ልቀቂውና ይገላገል» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። የኖሩበትን ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ማን እንደሚገላግለው አውቃለሁ። እግሩ የማይራመድ ፈረስ ጅብ ሲመጣበት ምን ያደርጋል? አልለቅም አልኩ። ሐኪሙ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው በሩ ላይ ቆምኩ።

ሐኪሙ ያዘዘው እነሆ። አንደኛ፣ እንዳይራመድ። የተቆጣ ሰኮና ላይ ማስኬድ የተያያዘውን ሥጋ ይቀድደዋል። ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ውኃ። ሁለቱን የፊት እግሮች ሳፋ ውስጥ አስቁመን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃ ሞላንበት። ሲሞቅ እንለውጣለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ሌሊትም ጭምር ተፈራረቅን። የእንጅባራ ብርድ ለዚህ ጠቀመን፤ ውኃው ራሱ በረዶ ነው። ሦስተኛ፣ ወፍራም መኝታ። ጭድ ከጉልበት በታች እስኪደርስ ነሰነስንለት፤ እንዲተኛና እግሩ እንዲያርፍ። አራተኛ፣ እህል የሚባል ነገር በጭራሽ። ድርቆሽና ውኃ ብቻ። ሕመሙንና ብግነቱን የሚቀንስ መርፌም ወጋው። ይህን መድኃኒት ከመደብር ገዝታችሁ በራሳችሁ አትስጡ፤ መጠኑ ሲያልፍ የፈረሱን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

መትኮስና ደም ማፍሰስን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። በጋለ ብረት የተተኮሰ ፈረስ ሁለተኛ ቁስል ይጨመርበታል እንጂ የመጀመሪያው አይድንም። ደም የፈሰሰው ይደክማል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው። እኛ አማራጭ አለን።

ቦራ ዳነ። ግን ቶሎ አይደለም። ሰኮና በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። የተጎዳው ወርዶ አዲሱ እስኪተካ ወደ አንድ ዓመት ይወስዳል። ሰኮናው ላይ ቀለበት የመሰለ መስመር ወጣ፤ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ከፊት በኩል እየተከረከመ እንዲሄድ ሐኪሙ አሳሰበን። አንድ ጊዜ ይህ በሽታ የያዘው ፈረስ በቀላሉ ይመለስበታል። ስለዚህ ዛሬም በዓል ሲመጣ የእህል ጆንያ የሚቀመጠው የሚቆለፍ ክፍል ውስጥ ነው። እንግዶች ሲመጡም ከቡና በፊት እነግራቸዋለሁ፦ «ቦራን ከወደዳችሁት በእጃችሁ ዳብሱት፣ የሚበላ ምንም አትስጡት።» ማንም ተቀይሞኝ አያውቅም። ድንች ለሚያመርት አካባቢያችንም አንድ ነገር ልጨምር። ድንችና ልጣጩን አትስጡ። ቁራጩ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ የበቀለውና አረንጓዴው ደግሞ መርዝ አለው።

ክረምቱ ሌላ ትግል ነበር። እዚህ ዝናቡ ሲጀምር መሬቱ ጭቃ ሆኖ ይከርማል። ጭቃና ሽንት ውስጥ የሚቆም ፈረስ የሰኮናው መሃል ይበሰብሳል። ጥቁር ነገር ይወጣዋል፣ ይሸታል። በየቀኑ አራቱንም እግር አንስታችሁ በጫፉ ደነዝ በሆነ ነገር ቆሻሻውን አውጡ። የጋጣው ወለል ወደ አንድ ጎን ያዘቅዝቅ፤ ውኃው ይፍሰስ። ጋጣውን በቀርከሃ ለምታጥሩ፣ የቀርከሃውን ሹል ጫፎች ወደ ውስጥ አትተዉ።

የሻገተ ድርቆሽ ለከብት እንኳ አይሆንም፤ ለፈረስ ደግሞ ሳንባ ያበላሻል። ሲያራግፉት የሚቦን፣ የሚሸት ከሆነ ይጣል። ትንሽ አቧራ ብቻ ያለበትን ውኃ እርጭት አድርጋችሁ ስጡ። የዓመቱን ጭድና ድርቆሽ አዝመራው ሲሰበሰብ ግዙ። ያኔ ርካሽ ነው፣ ደረቅም ነው። ነሐሴ ላይ ፍለጋ ከወጣችሁ ውድም ነው፣ የምታገኙትም የሻገተውን ነው። መሬት ላይ ሳይሆን ቆጥ ላይ ከምሩት።

ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ይመጣል። በጣም ቶሎ የሚገድል በሽታ ነው። ፈረስ ከፈረስ አይጋባበትም፤ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ትንኞች ናቸው። ትንኞቹ የሚነክሱት ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ፀሐይ ሳትገባ ወደ ጋጣ አስገቡት፣ ፀሐይ ወጥታ አስወጡት። ረግረግና ወንዝ ዳር አታሳድሩት። ክትባቱ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ከክረምቱ በፊት ጠይቁ። በሽታው ከገባ በኋላ መሯሯጥ አይጠቅምም። ክትባት ለአንድ ፈረስ ማስመጣት ያስቸግራል፤ ጎረቤት ያሉ ባለፈረሶችን አስተባብራችሁ አብራችሁ ጠይቁ። እኛ እንደዚያ ነው ያደረግነው።

ከዚያ ጥር መጣ። ቦራ ቀኑን ከእኔ ቀድሞ አወቀው። ከበዓሉ በፊት ወጣቶች ፈረሶቻቸውን ማስጋለብ ሲጀምሩ፣ የሰኮና ድምፅ በሩቅ ሲሰማ ጆሮውን ይቀስራል። ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ይህን ፈረስ ልጅ ይዞት ቢሆን ኖሮ ይጎትተው ነበር። አሠልጥነውት የኖሩት እልልታና ሽለላ ሲሰማ እንዲፈነጠር ነው። ያ ከውስጡ አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። ስለዚህ ሠርግ፣ ጥምቀት፣ ሰልፍ ባለበት ቀን ከሜዳ አስገቡት። በሩ ጠንካራ ይሁን። ድርቆሽ በብዛት አቅርቡለት፣ ጓደኛው አጠገቡ ትሁን፣ የሚያውቀው ሰው አብሮት ይዋል። ችካል ላይ በረጅም ገመድ አስራችሁ አትሂዱ። ሲፈነጠር ገመዱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞ ይሰብረዋል። ልጆችን ደግሞ አስተምሩ፦ ከኋላው አይጠጉ፣ አጠገቡ አይሩጡ፣ ለጨዋታ ብለው ጌጡን አያልብሱት።

«ታዲያ አንድ ቀን ብቻ ብናስጋልበውስ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። በተለይ ዝናውን ከሚያውቁ ሰዎች። መልሴ አይሆንም ነው። ደስታው ያሳሳል፤ እሱ ራሱ መሮጥ ይፈልጋል። ግን የሚፈልገው ሁሉ አይጠቅመውም። ያልተዘጋጀ ጅማት በአንድ ሽምጥ ይበጠሳል። አጎቴ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። በበዓሉ ማግስት ሊጠይቁት መጡ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አንገቱን ዳበሱት። «አሁንስ እንደኔ ሆነሃል» አሉት። ኮርቻውን ለወንድሜ ልጅ እንድሰጥላቸው ነገሩኝና ሄዱ።

አንድ ለማንሳት የሚከብድ ነገር አለ። ቀኑ ሲደርስ፣ ሐኪም ተስፋ የለውም ሲል፣ ፈረሱ መነሣት ሲያቅተው፣ እባካችሁ ዳር አትልቀቁት። እጃችን በፈረስ ላይ እንዲነሣ አንወድም። ይገባኛል። ግን ሐኪም ያለ ሥቃይ ሊያሳርፈው ይችላል። ከአጎቴ ጋር ስለዚህ ገና ቦራ ደህና ሳለ ተነጋግረናል። ሲታመም ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ከመወሰን ይሻላል።

ፈረስ ልትረከቡ ከሆነ ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። ምን ይበላ ነበር፣ ስንት ጊዜ? መጨረሻ የተጋለበው መቼ ነው? አንክሶ ያውቃል፣ በየትኛው እግር? ቁርጠት ይዞት ያውቃል? መቼ ተከተበ፣ የትል መድኃኒትስ መቼ ወሰደ? ከማን ጋር ነው የሚያድረው? ምን ያስፈራዋል? የተኮላሸ ነው ወይስ ድንጉላ? ድንጉላ ከሆነና ልምዱ ከሌላችሁ አትውሰዱት። ከዚያ ጭዱን ግዙ፣ ጋጣውን ሥሩ፣ ጓደኛውን ፈልጉ፣ ሐኪሙን አነጋግሩ። ፈረሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ሲመጣም የለመደውን ምግብ የሁለት ሳምንት ያህል ከባለቤቱ ተቀበሉ፤ ከእናንተው ምግብ ጋር እየቀላቀላችሁ የምትለውጡት ከዚያ ላይ ነው።